«መልሶ ማገናኘት» ስለሚባለው አነጋገር

በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዐረቢያ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ወገኖቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ አገራቸው በተመለሱ ጊዜ፤ እኔ በአንድ ትንሽ ከተማ በዘመድ ቤት በእንግድነት ተቀምጬ ነበር። አንድ ቀን ጧት የጎረቤት አሮጊት መጡና በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ደብዳቤ ፈትተው «እስቲ ልጄ፤ ይህን አንብብልኝ» አሉኝ። ደብዳቤው ከአንድ መሥሪያ ቤት የተጻፈ ነው፤ ቁጥርም ቀንም ማኅተምም አልጎደለውም። ቃሉ ይህን ይመስል ነበር፤ «ልጅዎ ከስደት ተመላሽ በመሆኑ ከቤተሰቡ ጋር መልሶ የማቀላቀሉ ተግባር በቅርቡ የሚከናወን መሆኑን እያስታወቅን፤ አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግ እናሳስባለን።»

አነበብሁላቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «መምጣቱ ነው?» አሉኝ። «ይመስለኛል፤ እማማ» አልሁ። «እንግዲያው እኔ ልሂድለት ነው ወይስ እሱ ይመጣልኛል?» ብለው ጠየቁኝ። ደብዳቤውን ሁለተኛ ጊዜ አነበብሁት፤ ለጥያቄያቸው ግን የሚሆን መልስ አላገኘሁበትም። እሳቸውም ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው «ደግሞስ ከማን ጋር ነው የሚቀላቅሉት? በቤቱ ያለሁት እኔ አንዲት ነኝ» አሉ። ነገሩ በምን እንዳለቀ በመጨረሻ እናገራለሁ። ለጊዜው ግን የሳቸው ጥያቄ ያስነሣውን የቋንቋ ጉዳይ ለመምህራን፤ ለተማሪዎችና በየመሥሪያ ቤቱ ብዕር ለያዙ ወንድሞቼና እኅቶቼ ለማቅረብ እፈቅዳለሁ።

ጉዳዩ ይህ ነው፤ ተለያይቶ የነበረ ነገር ወይም ሰው ወደ ቀድሞ አንድነቱ ሲመጣ፤ ያማርኛ ቋንቋ ይህን ሥራ በምን ግሥ ይናገረዋል? እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ በግሡ ራስ ላይ «ሪ» የምትል ትንሽ ቅጥያ አስቀድመው ነገሩን በአንድ ቃል ይጨርሱታል። ያማርኛ ግሥ ግን እንዲህ ያለ ቅጥያ የለውም። ስለዚህ ከውጭ ቋንቋ የሚተረጉም ሰው ያችን «ሪ» በምን ልመልሳት ብሎ ሲጨነቅ፤ አብዛኛውን ጊዜ በእጁ የመጣለትን «መልሶ» ወይም «ዳግም» ይለጥፍና ያልፋል። ቋንቋው ቅጥያ ስለሌለው ግን ድኻ ነው ማለት አይደለም፤ እንዲያውም አንዱን የውጭ ቃል በብዙ መንገድ ከፋፍሎ የሚያይበት ስልት አለው። ቸኩሎ የሚለጥፍ ሰው የሚያጣው ይህንኑ ስልት ነው።

በመጀመሪያ ሦስቱን ቃላት፤ ማለት «ዳግም»ን፤ «እንደገና»ንና «መልሶ»ን፤ በየራሳቸው እንመዝናቸው።

«ዳግም» የቁጥር ቃል ነው። ደገመ ማለት ሁለተኛ አደረገ ማለት ነውና። ከፋሲካ በኋላ ያለችው እሑድ ዳግማ ትንሣኤ መባልዋ፤ በፈተና የወደቀው ተማሪ ክፍል ደገመ መባሉ፤ ልጅን ስንቆጣ «ሁለተኛ እንዳትደግም» ማለታችን ሁሉ ይህንኑ ቁጥር ያስረዳል። እንግዲህ ዳግም ወይም ዳግመኛ ያለ ሰው፤ ያው ሥራ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ተሠርቶ ነበር ማለቱ ነው። «እንደገና» ደግሞ ሥራውን ከመነሻው በአዲስ መልክ መጀመርን ያሳያል፤ መምህሩ ለተማሪው «እንደገና ጻፈው» ሲለው፤ ያለፈው ጽሕፈት እንዳልነበረ ተቈጥሮ ሌላ ይጻፍ ማለቱ ነው። «መልሶ» ግን ሥራውን አይቈጥርም፤ የሚመለከተው ነገሩ ወደ ነበረበት ሁኔታ መመለሱን ነው።

ልዩነቱ በአንድ ምሳሌ ይገለጣል። ነፋስ በር ከፈተ እንበል። «በሩን መልሼ ዘጋሁት» ብል፤ በሩ ቀድሞ ተዘግቶ እንደ ነበረ እናገራለሁ እንጂ የዘጋሁት እኔ እንደ ነበርሁ አልናገርም። «በሩን ዳግመኛ ዘጋሁት» ብል ግን፤ ከዚህ በፊት እኔው ራሴ ዘግቼው እንደ ነበረ አስታወቅሁ ማለት ነው። በመጀመሪያው አነጋገር የተመለሰው የበሩ ሁኔታ ነው፤ በሁለተኛው የተደገመው የኔ ሥራ ነው። ለበር ሲሆን ልዩነቱ ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ለአገርና ለቤተሰብ ሲሆን ግን ታሪክን የሚለውጥ ነው።

ስለ «መልሶ» አንድ ሌላ ነገር መታወቅ አለበት። ይህ ቃል እንደ ሐውልት ቆሞ የሚቀር ቃል አይደለም፤ ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል። መልሼ፤ መልሰህ፤ መልሳ፤ መልሰን፤ መልሰው እየተባለ ሠሪውን ያሳያል። «እናቲቱ ልጆችዋን መልሳ ሰበሰበች» ሲባል የመለሰችው ማን እንደ ሆነች ይታወቃል። በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ግን «መልሶ ማቋቋም»፤ «መልሶ ማገናኘት»፤ «መልሶ ማቀላቀል» እየተባለ በስም መልክ ሲጻፍ፤ «መልሶ» የሚለው የወንድ አንድ ባለቤት ቅርጽ ብቻውን ደርቆ ይቀራል። መላሹ ማን ነው? አይታወቅም። የሚመለሰው መቼ ነው? አይታወቅም። «የማቀላቀሉ ተግባር የሚከናወን መሆኑ» የሚለው ቃል ሠሪም ጊዜም መንገድም የለውም። አሮጊቲቱ «እኔ ልሂድ ወይስ እሱ ይመጣል?» ብለው የጠየቁት ያላዋቂ ጥያቄ አይደለም፤ ከሰዋስው መምህር የሚጠበቅ ጥያቄ ነው። ባለቤት የሌለውን አንቀጽ ባለቤቱን አምጣ ማለታቸው ነበርና።

አሁን ወደ ግሦቹ ራሳቸው እንግባ። ያማርኛ የማገናኘት ግሦች በሁለት ወገን ሊከፈሉ ይችላሉ። አንደኞቹ የመመለስን ትርጉም በሆዳቸው የያዙ ናቸው፤ ሁለተኞቹ ካልጨመሩላቸው በቀር የሌላቸው ናቸው።

በሆዳቸው ከያዙት አንደኛው «ታረቀ» ነው፤ አደራራጊው «አስታረቀ» ይባላል። የማይተዋወቁ ሰዎች ሊታረቁ አይችሉም፤ ዕርቅ ካለ ከዕርቁ በፊት ጠብ ነበረ፤ ከጠቡም በፊት ወዳጅነት ወይም ቢያንስ ሰላም ነበረ ማለት ነው። ሦስት ዘመን በአንድ ቃል ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል። ደግሞም የጠመመውን ማቅናት፤ የልጅን ጠባይ ማረም «ማረቅ» ይባላል፤ ስለዚህ የታረቀ ሰው የተገናኘ ብቻ ሳይሆን የጎበጠው ነገሩ የቀናለት ሰው ነው። ሽማግሎች ባላንጣዎቹን በአንድ ጥላ ሥር ከማስቀመጣቸው በፊት በደሉን የሚመረምሩት፤ ካሣውን የሚቈርጡት ለዚህ ነው። «ዕርቅ ደም ያደርቅ» የሚለውም ተረት ይህን ያስባል። በሐምሌ ወር 2010 ዓ.ም. በዋሽንግተን ከተማ፤ ከ25 ዓመት በላይ በሁለት ሲኖዶስ ተለያይተው የነበሩት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አባቶች ሲስማሙ፤ ለነገሩ የተሰጠው ስም «ዕርቀ ሰላም» ነበር። የተገባ ስም ነው። «ዳግም ዕርቅ» ቢባል ኖሮ ግን፤ ቀድሞ ታርቀው ሁለተኛ ተጣልተው ነበር የሚያሰኝ ስሕተት ይሆን ነበር። «ታረቀ» በሆዱ የያዘውን መመለስ ከውጭ ደግሞ መጫን ለጠገበ ሰው ማጉረስን ይመስላል።

ሁለተኛው «ቀጠለ» ነው። የተበጠሰ ገመድ ጫፍና ጫፉ ሲታሠር ተቀጠለ ይባላል። ተማሪው በሕመም ምክንያት አቋርጦት የነበረውን ትምህርት ሲጀምርም ትምህርቱን ቀጠለ እንላለን። እንግዲህ ባማርኛ አሳብ፤ መቀጠል ማለት ብዙ ጊዜ ቋጠሮ ማሠር ማለት ነው፤ ቋጠሮውም ገመዱ አንድ ቀን ተበጥሶ እንደ ነበረ ሲመሰክር ይኖራል። ሦስተኛው «ጠገነ» ነው። ወጌሻ የተሰበረ አጥንት ይጠግናል፤ የተሰነጠቀ ቅልም በስፌት ይጠገናል። የሸክላ ድስት ግን ሲሰበር ስሙ ገል ይሆናል እንጂ ጥገና አይሞከርለትም። የሚጠገንና የማይጠገን ነገር መኖሩን ገበሬውም ሸክላ ሠሪዋም ያውቃሉ፤ ደራሲም ሊያውቀው ይገባል።

ከሁለቱ ወገን መካከል የሚቆም ድንቅ ግሥ ደግሞ አለ፤ እርሱም «ገጠመ» ነው። ሁለት ነገር በልኩ ልክክ ሲል ገጠመ ይባላል። በር ገርበብ ሲል ተገጠመ ይባላል፤ ጦርና ጦር ሲጋጠሙ ገጠሙ ይባላል፤ ቃልና ቃል፤ ቤትና ቤት በልክ ሲስማሙ ደግሞ ግጥም ይባላል፤ ሠሪውም ገጣሚ ነው። ለዚህ ግሥ ከአክሱም ሐውልት የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። 24 ሜትር ያህል ቁመት ያለው ይህ ሐውልት በ1929 ዓ.ም. በኢጣልያ ወረራ ጊዜ ከአክሱም ተወስዶ በሮማ ከተማ ቆመ። በየካቲት 1939 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ውል ኢጣልያ የወሰደችውን ቅርስ በ18 ወር ውስጥ ልትመልስ ግዴታ ገብታ ነበር፤ ነገር ግን ሐውልቱ በሦስት ተከፍሎ አክሱም የደረሰው በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ነው። ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. ተገጥሞና ተተክሎ በደስታ ተመረቀ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ቃላቱን በየቦታቸው እንያቸው። ሐውልቱ «ተመለሰ»፤ ይህ በ1997 ሆነ። ሦስቱ ክፍሎች «ተገጠሙ»፤ ሐውልቱም «ተተከለ»፤ ይህ በ2000 ሆነ። መመለስና መገጠም ሁለት ሥራዎች ናቸው፤ በመካከላቸውም ሦስት ዓመት አለ። ደግሞ ልብ እንበል፤ ኢጣልያኖች በወሰዱት ጊዜ ሐውልቱ ከጥንት ጀምሮ ወድቆና ተሰባብሮ ነበር፤ ሰባራውን በሮማ ገጥመው ያቆሙት እነርሱ ናቸው። ስለዚህ የ2000ው ሥራ «ዳግመኛ ተገጠመ» ቢባል በቁጥር ትክክል ነው፤ ግን የመጀመሪያው መገጠም የቀማኛ ሥራ እንደ ነበረ መናገር ግድ ይሆናል። «ወደ ጥንት ቦታው ተመልሶ ተተከለ» ቢባል ግን የምንናገረው ስለ ሐውልቱ ሁኔታና ስለ አገሩ ነው። አንድ ቃል በመምረጥ የማንን ሥራ እንደምንቈጥር እንመርጣለን ያልሁት ይህን ነው።

ሁለተኛው ወገን፤ ማለት የመመለስን ትርጉም በራሱ የሌለው፤ አለቃው «አገናኘ» ነው። የሰዋስው መምህራን ግሥ ዐምስት አዕማድ አሉት ይላሉ። «አገኘ» አድራጊ፤ «አስገኘ» አስደራጊ፤ «ተገኘ» ተደራጊ፤ «ተገናኘ» ተደራራጊ፤ «አገናኘ» አደራራጊ ነው። በዚህ መሠረት ማገናኘት ማለት አንዱ ሌላውን እንዲያገኝ፤ ሌላውም አንዱን እንዲያገኝ ማድረግ ነው። ሁለቱም አግኚዎች፤ ሁለቱም ተገኚዎች ናቸው። አገናኙ ሦስተኛ ሰው መንገዱን ይጠርጋል እንጂ ማግኘቱን ራሱን አይሠራላቸውም። ግሡ የማይተዋወቁትን ለማስተዋወቅም፤ መንገድን ከመንገድ ለመቀጠልም ስለሚያገለግል፤ ቀድሞ አብረው የነበሩ መሆናቸውን ለማሳየት ረዳት ቃል ይፈልጋል። ረዳቱ ግን የግድ «መልሶ» መሆን የለበትም። የቀይ መስቀል ሰዎች በጦርነትና በስደት ምክንያት አንዱ የሌላውን አድራሻ ላጣ ቤተሰብ የሚሠሩት ሥራ «የተጠፋፉ ቤተሰቦችን ማገናኘት» ሲባል እንሰማለን። «ተጠፋፉ» የሚለውን ቃል እንየው፤ እናት ለልጅዋ ጠፋች፤ ልጅም ለእናቱ ጠፋ፤ ጥፋቱ የአንዱ ብቻ አይደለም። «የተጠፋፉትን አገናኘ» ስንል «መልሶ» ሳንል መመለሱን ተናገርን። እንዲህ ያለውን ቃል ከየትኛውም የውጭ መዝገበ ቃላት አንበደርም።

ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ለ20 ዓመት ያህል ተቋርጦ የነበረው የአዲስ አበባና የአሥመራ የአውሮፕላን ጉዞ ሲከፈት፤ አባት ከልጁ፤ እኅት ከወንድምዋ በአውሮፕላን ጣቢያ ተቃቅፈው ሲላቀሱ ታዩ። ያን ቀን ከሕዝቡ አፍ ይሰማ የነበረው «ተገናኙ» የሚለው ቃል ነበር። መንግሥታት ሰላም ያወርዳሉ፤ ውል ይፈራረማሉ፤ መገናኘት ግን የሰዎቹ ነው። ያ በረራ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ተቋረጠ። እንግዲህ አንድ ቀን ሲከፈት፤ ያን ጊዜ «ዳግመኛ ተገናኙ» ማለት በሰዋስውም በታሪክም ትክክል ይሆናል። ቁጥሩም ምን ያህል የሚያሳዝን ቁጥር እንደ ሆነ አንባቢ ይፈርደዋል።

ከዚህ በኋላ የምነቅፋቸው ሁለት ግሦች ይቀራሉ፤ «ቀላቀለ» እና «አዋሐደ»።

«ቀላቀለ» የእህልና የፈሳሽ ግሥ ነው። ጤፍና ማሽላ ይቀላቀላል፤ ወተትና ውሃ ይቀላቀላል። ከተቀላቀለ በኋላ ፍሬውን ከፍሬው ለይቶ ማውጣት ጭንቅ ነው። አንድ ሰው ወደ ብዙ ሰዎች ገብቶ ከቍጥራቸው ሲሆን «ጦሩን ተቀላቀለ» መባሉ የተለመደ ስለ ሆነ አልነቅፈውም፤ ወታደሩ በሺህ መካከል አንድ ነውና። ልጅ ወደ እናቱ ቤት ሲገባ ግን ከማን ጋር ይቀላቀላል? ምናልባት አንድ ሰው «በሠርግ ጊዜ ቅልቅል የሚባል ድግስ አለ፤ ቤተሰብና ቤተሰብ ይቀላቀላል» ብሎ ይከራከረኝ ይሆናል። ደግ ክርክር ነው፤ ነገር ግን የኔን አሳብ ይደግፋል እንጂ አያፈርሰውም። በቅልቅል የሚገናኙት ከዚያ በፊት ዝምድና ያልነበራቸው ሁለት ወገኖች ናቸው፤ ባዕድ ለባዕድ ይቀላቀላል፤ ዘመድም ይሆናል። ከስደት የተመለሰው ልጅ ግን ለእናቱ ባዕድ አይደለም። «ከቤተሰቡ ጋር ተቀላቀለ» ማለት ሳናስበው ልጅነቱን መካድ ነው።

«አዋሐደ» የከበረ ግሥ ነው፤ ዋሕድ ማለት አንድ፤ ብቸኛ ማለት ነውና። የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት የመለኮትንና የሥጋን ተዋሕዶ ሲያስተምሩ፤ ተዋሕዶው ያለ ቱሳሔ፤ ያለ ሚጠት፤ ያለ ኅድረት፤ ያለ ቡዐዴ ነው እያሉ ይለያሉ፤ ይኸውም መቀላቀል፤ መለወጥ፤ ማደር፤ መለያየት የለበትም ማለት ነው። አማኝም ሆነ አልሆነ፤ አንባቢ ከዚህ አንድ ነገር ሊማር ይችላል፤ ሊቃውንቱ ለአንድ የመገናኘት አሳብ ብዙ ቃላት አሰልፈው፤ የማይስማሙትን አንድ በአንድ እየጣሉ የሚስማማውን አንድ መርጠዋል። ዛሬ እኛ «ቀላቀለ»ንና «አዋሐደ»ን እንደ ወንድማማች በአንድ ዓረፍተ ነገር ስንጽፍ፤ እነርሱ በጥንቃቄ የለዩትን እኛ በቸልታ አቀላቀልነው ማለት ነው።

በፖለቲካ ቋንቋም «ውሕደት» ከባድ ቃል ነው። ኤርትራ በመስከረም 1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትተሳሰር አንድ ነገር ነበር፤ በኅዳር 1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ፈርሶ «ውሕደት» ሲባል ሌላ ነገር ሆነ። ያች የአንድ ቃል ለውጥ ያስከተለችው መከራ ለሠላሳ ዓመት ያህል በጦር ሜዳ ታየ። የጀርመን አገር ምሥራቅና ምዕራብ በመስከረም 1983 ዓ.ም. አንድ ሲሆኑም «ዳግም ውሕደት» ሲባል እንሰማለን። በሕግ የተደረገው ግን የምሥራቁ ክፍል በምዕራቡ ሕገ መንግሥት ሥር መግባቱ ነበር፤ ስለዚህ «ጀርመን አንድነትዋ ተመለሰላት» ብንል ለባላገሩም ይገባው ነበር፤ ከታሪኩም አንርቅም ነበር። የታጠቁ ሰዎች ትጥቃቸውን ፈትተው ወደ ቀያቸው ሲገቡም «ከኅብረተሰቡ ጋር መልሶ ማዋሐድ» ይባላል። ሰው ከመንደሩ ጋር አይዋሐድም፤ ወደ መንደሩ ይገባል፤ ከተበደለው ጋር ይታረቃል፤ እርሻውን ይቀጥላል። ሦስቱም ግሦች ሠሪውን ያሳያሉ፤ ሦስቱም ገና ያልተፈጸመው የትኛው እንደ ሆነ ለመጠየቅ ያስችላሉ። «መልሶ ማዋሐድ» ግን ዕርቁ ሳይደረግ ሁሉ ነገር የተፈጸመ ያስመስላል።

በዚህ ሒስ ላይ ሊቀርብ የሚችል ተቃውሞ አለ፤ ማስቀረትም አይገባኝም። «መሥሪያ ቤት ለብዙ ሺህ ሰው የሚሆን አንድ ቋሚ ቃል ያስፈልገዋል፤ ለያንዳንዱ ሰው ግሥ እየመረጠ ሊጽፍ አይችልም» ይባላል። እውነት ነው፤ በመዝገብና በሰንጠረዥ ላይ ቋሚ ስም ያስፈልጋል። ለዚያም «ማገናኘት» የሚለው ቃል ይበቃል፤ አጭርም ግልጽም ነው። ለሰው የሚላክ ደብዳቤ ግን ሰንጠረዥ አይደለም። ደግሞም «ቋንቋ ያድጋል፤ ይለወጣል» ይባላል። ይህም እውነት ነው፤ ነገር ግን እድገት የሚባለው የነበረው ልዩነት ሳይጠፋ አዲስ ልዩነት ሲጨመር ነው። ዐምስት ግሥ የነበረው ሰው አራቱን ረስቶ በአንዱ ቢኖር፤ ንብረቱ ጠፋበት እንጂ በለጸገ አይባልም።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር የሚጽፍ ሰው ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ሦስት ጥያቄ ራሱን ቢጠይቅ መልካም ይመስለኛል። አንደኛ፤ ቀድሞ አብረው ነበሩ ወይስ ገና መገናኘታቸው ነው? ሁለተኛ፤ የለያያቸው ጠብ ነው፤ መንገድ ነው ወይስ ስብራት ነው? ጠብ ከሆነ ይታረቃሉ፤ መንገድ ከሆነ ይገናኛሉ፤ ስብራት ከሆነ ይገጠማል ወይም ይጠገናል። ሦስተኛ፤ መላሹ ማን ነው? ለዚህ መልስ ያጣ ሰው ደብዳቤውን አይፈርም። መምህራንም እነዚህን ግሦች ለተማሪዎች በዐምስቱ አዕማድ እያስረቡ፤ ከዕለት ኑሮ ምሳሌ እያስመጡ ቢያስተምሩ፤ ሰዋስው የፈተና ሸክም መሆኑ ቀርቶ የኑሮ መሣሪያ ይሆናል።

አሁን ያቈየሁትን ልናገር። አሮጊቲቱ በማግሥቱ ገና ሳይነጋ ተነሥተው፤ «አስፈላጊው ትብብር» የተባለው እኔ መሄዴ ይሆናል ብለው፤ ግማሽ ቀን ተጕዘው ደብዳቤው ወደ ተጻፈበት ከተማ ሄዱ። በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ ልጃቸው በመኪና መጥቶ በራቸው ላይ ወረደ። ስድስት ዓመት የተለየው ቤት ተዘግቶ አገኘው። በጎረቤት ደጃፍ፤ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ እስኪመሽ ጠበቀ፤ ቡና አፍልተንለት ነበር፤ ነገር ግን እናቱን ሳያይ አልቀምስም አለ። ሲመሽ በመንገዱ ጫፍ ነጠላቸው ብቅ ሲል እሱ ሮጠ፤ እሳቸውም ሮጡ። በዚያ ሰዓት ማንም አላቀላቀላቸውም፤ ማንም አላዋሐዳቸውም፤ ተገናኙ።

ደብዳቤው «ልጅዎ ተመልሷል፤ ነገ እኩለ ቀን ላይ ከቤትዎ ድረስ እናመጣልዎታለን፤ አይሂዱ፤ ይጠብቁት» ቢል ኖሮ፤ ቃሉ ከቀድሞው ባነሰ ነበር፤ የናትና የልጅ አንድ ቀንም ባልባከነ ነበር።